ዛፍ ላይ ያለ ሰው አይጠራም

«አባቴ ሁለቴ አይዘፍንም። ካበላሸሽው የምጠይቀው አንቺን ነው» አለችኝ ሴትየዋ ፊት ለፊቴ ቆማ። መምህርት ናት። ገና ምንም ሳላጠፋ እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ።

አባቷ ከማንኪራ መንደር ነው የመጡት። በማግስቱ ጅማ ሄደው ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ይሆናሉ። ድምፃቸው ይመለስ አይመለስ ሐኪሙ ራሱ እርግጠኛ አልነበረም። ስለዚህ ቦንጋ ውስጥ ድምፅ የምትቀዳ ልጅ አለች ሲሏት እኔን ቤቷ ድረስ ጠራችኝ። ማይክ፣ ላፕቶፕና ሳጥኔን ይዤ በባጃጅ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ዝናብ ነበር፤ በባጃጁ ጎን እየገባ ቦርሳዬን አራሰው።

ሳጥኑን የሠራሁት ራሴ ነኝ። ሚዲ ኮንትሮለር ይሉታል፤ የሙዚቃውን ፕሮግራም ኮምፒውተሩን ሳልነካ አዝበታለሁ። ማውስ ስጫን ማይኩ ቀጭታውን እየቀዳ አስቸገረኝ፤ ከተበላሸ የጌም መጫወቻ ቁልፎች ነቅዬ ጣውላ ላይ ገጠምኳቸው። የቀረውን ከስልኬ ቪዲዮ እያየሁ፣ ሦስቴ እያቃጠልኩ ተማርኩት። ከመቅጃዋ ቁልፍ አጠገብ ቀይ መብራት ተከልኩ። ስትበራ ልቤ ቅቤ ይጠጣል።

«ይሄ ነው የሚቀዳው?» አሉ አባባ። «ቀፎ ይመስላል እኮ!»

«ንብ የለውም አባባ።»

ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነ። ልጃቸው ገላመጠችኝ።

የላፕቶፑ ማራገቢያ እንዳይሰማ ከመጋረጃ ጀርባ አስቀመጥኩት። ቁልፏን ተጫንኩ፤ መብራቷ በራች። «ይጀምሩ» አልኳቸው።

ማር ሊቆርጡ ዛፍ ሲወጡ የሚያዜሙትን፣ መውጫና መውረጃ ያለውን ዘፈን፣ በካፊኖኖ ቋንቋ ጀመሩ። ሲጀምሩ ድምፃቸው ሻካራ ነበር፤ ከዚያ ግን ዛፍ እንደሚወጣ ሰው ቅርንጫፍ እየያዘ ወጣ። ልጃቸው ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ለማረጋገጥ ያህል በመጋረጃው ሥር አጮልቄ ስክሪኑን አየሁ።

ቆሟል። አንድ ሰከንድ እንኳ አልቀዳም።

ወዲያው ገባኝ። ቁልፏ ርጥበት ገብቷታል፤ አንዴ ስጫናት ሁለቴ ተናገረች፤ ቅዳ ብላ ወዲያው አቁም አለችው። መብራቷን ደግሞ ያያያዝኳት ከሳጥኑ ጋር ነው። ኮምፒውተሩ ቀዳ አልቀዳ ጉዳይዋ አይደለም፤ አንዴ ከበራች ሌላ ቁልፍ ካልነካሁ አትጠፋም።

ወዲያው ባስቆማቸው እንደ አዲስ ለመጀመር ገና ትንፋሽ አላቸው፤ አውቃለሁ። ግን የእኔም አባት ቀፎ የሚሰቅል ማር ቆራጭ ነው። ዛፍ ላይ ያለ ሰው አይጠራም፤ ደንግጦ ይወድቃል እየተባልኩ ነው ያደግኩት። አባባ ደግሞ በዘፈናቸው ዛፍ ጫፍ ላይ ነበሩ። «አባባ» የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ቆመ።

መጋረጃውን ገልጬ ላፕቶፑ ላይ ቅጂውን ጀመርኩ። ያኔ መውረድ ጀምረው ነበር።

ሲጨርሱ ፊታቸው በላብ ርሷል። ልጃቸው ዓይኗን እየጠረገች «አሰሚና» አለች።

ጥሩ ወጥቷል፣ ቤት አስተካክዬ አመጣዋለሁ ልል አሰብኩ። መብራቷ እንደቀላች ናት፤ ማን ያውቅብኛል? ግን ልጃቸው እየጠበቀች ነው። ከፈትኩላቸው።

«ይሄ እኮ መውረጃው ነው። መውጫውስ?» አለች ልጃቸው።

«አልተቀዳም።»

«ምን አልሽ?»

«አልተቀዳም እትዬ። ሳጥኔ ነው ያበላሸው። እኔ ነኝ።»

አባባ ውኃ ጠጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደገና ሞከሩ። በዚህኛው ቁልፌን ትቼ ላፕቶፑ ላይ ተደፋሁ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ጨርሶ ሹክሹክታ ሆነ። እጃቸውን አወዛወዙ፤ በቃ።

«መቼ አወቅሽ?» አሉኝ በዚያው ሹክሹክታ።

«መሃል ላይ።»

«እና ለምን አላስቆምሽኝም?»

«ዛፍ ላይ ነበሩ አባባ።»

«አሳዳጊ አለሽ» አሉ አባባ።

«አሳዳጊ ድምፅ አይመልስም!» አለች ልጃቸው። ወደ እኔ አልዞረችም።

የተቀዳውን መውረጃ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ገመዶቹን ነቀልኩ። ጫማዬን በር ላይ አጥልቄ ወጣሁ።