የአባዬ ሰዓት ዕድሜ

ክረምት ሲገባ ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ የራሰ ቆዳና የናፍጣ ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ፣ የአባዬ እጅ ትከሻዬ ላይ ያረፈ ይመስለኛል። አባዬ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ዝናብ ደብድቦት ኮልፌ ቤታችን ይገባና፣ የቆዳ ካፖርቱን አውልቆ፣ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ በፎጣ እያደረቀ ጭኑ ላይ ያስቀምጠኝ ነበር። ሰዓቱ ፊቱ ሰማያዊ ሆኖ፣ በቀኝ በኩል ባለች ትንሽ መስኮት ቀኑንና የዕለቱን ስም በእንግሊዝኛ ያሳይ ስለነበር፣ ሰኞና ማክሰኞን በእንግሊዝኛ ማንበብ የተማርኩት ከዚያች መስኮት ነው። እናትሽ ናት የገዛችልኝ ይለኝ ነበር፣ እማዬ እየሰማችው። እማዬ ገበያ በርበሬ ትሸጥ ነበር፤ በተጋቡ በዓመቱ እቁብ ሲደርሳት ለራሷ ነጠላ እንኳ ሳትቀይር ሰዓቱን ገዛችለት።

አንድ ዓመት መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሳይደርቅ አባዬ ታመመ፤ ኅዳር ላይ ሞተ። ሰልስቱ እንደወጣ ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ ወርቁ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ፣ ሰዓቱ የአባታቸው እንደነበር፣ አሁን ወደ ታላቁ ልጅ መመለስ እንዳለበት ተናገረ። አያቴ ሰዓት ያስሩ እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ የሞቱት ግን አባዬ ገና ተማሪ ሳለ ነው።

እማዬ ጥቁሯን ለብሳ መግቢያው ላይ ቆማ ነበር። «እኔ ነኝ የገዛሁት» አለች።

አንዱ ሽማግሌ በርበሬ ቸርቻሪ ከመቼ ወዲህ ነው የውጭ ሰዓት የምትገዛው ሲል፣ ሐዘን ቤት መሆኑ ተረስቶ ሰው ሳቀ። አጎቴም ሰዓቱን እዚያው እጁ ላይ አሰረ። ከዚያ ወዲያ እማዬ በዘመድ አፍ የሟች ንብረት የቋመጠች ውሸታም ሆና ቀረች። በጋው መጥቶ ሰርጉ ሲበዛ፣ አጠገቧ የሚቀመጥ ሴት ጠፍቶ ጥግ ይዛ ስትበላ አይ ነበር። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ክረምት የአጎቴ ልጅ ሳሙኤል በቤተሰቡ የስልክ ግሩፕ ላይ የሰዓቱን ፎቶ ለጥፎ፣ የአያታችንን ሰዓት ሞዴልና ዕድሜ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ ብሎ ጻፈ። ያቺን መስኮት ሳይ ወዲያው አወቅኳት። የጀርባውን ክዳን አስከፍቶ ውስጡ የተጻፈውን ቁጥር እንዲልክልኝ ጠየቅኩት፤ ላከልኝ። አሮጌ ሰዓት የሚሰበስቡ ሰዎች የትኛው ቁጥር በየትኛው ዓመት እንደተሠራ ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣሉና፣ ከዚያ ጋር ሳስተያየው ነገሩ ግልጽ ሆነ። ፋብሪካው ይህን ሞዴል መሥራት የጀመረው አያቴ ከተቀበሩ ከዓመታት በኋላ ነው። ሊያስሩት ቀርቶ ሊያዩትም አይችሉም ነበር።

ይህንኑ ሳላለሳልስ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። አንዲት አክስቴ ብቻ ሙት አትቀስቅሺ አለችኝ። በማግስቱ ሳንሱሲ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ጋቢውን ደርቦ ሶፋ ላይ ተቀምጧል።

«ለአንድ አሮጌ ሰዓት ብለሽ ዘመድ ታፈርሻለሽ?» አለኝ።

«ያፈረሱትማ እርስዎ ነዎት። የአባታችሁ አለመሆኑን ያውቁ ነበር?»

«ታናሼ እኔ የሌለኝን ሰዓት ማሰሩ ያንገበግበኝ ነበር» አለና ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረ። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፉ አልወጣም። አባቱን ሲሰማ የቆየው ሳሙኤል ሰዓቱን ከመሳቢያ አውጥቶ እጄ ላይ አኖረው።

እማዬ ፊት ሳስቀምጠውና ያገኘሁትን ስነግራት አላለቀሰችም። «እኔማ አውቀው ነበር፤ ቁጥር ያስፈለጋችሁ እናንተ ናችሁ» አለችኝ።

አባዬ ከሞተ በኋላ በዓል በመጣ ቁጥር በራችንን የሚያንኳኳ ዘመድ አልነበረንም፤ እማዬ ዶሮ ሠርታ ለሁለት እንቀርብ ነበር። ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ላይ ያ ሁሉ ዘመድ እየደወለ ስልኳ ሲጮህ ዋለ፤ እሷም ሁሉንም በትሕትና እንኳን አብሮ አደረሰን ትላቸው ነበር። እኔ ግን አንዱንም አላነጋገርኩም። አባዬ ሲሞት እማዬ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር፤ ሰው የሚያስፈልጋት ያኔ ነበር።