የተቆራረጠው የፊደል ገበታ

ታናሽ እህቴን ባልደረቦቿ «ሬዲዮ» ይሏታል። አንደኛ ክፍል ስታስተምር ድምፅዋ የትምህርት ቤቱን አጥር ተሻግሮ ከአስፋልቱ ማዶ ካለው ጋራዥ ይደርስ ነበር። መካኒኮቹ ጎማ እየፈቱ ከልጆቹ እኩል «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ይሉ እንደነበር ዛሬም ያወራሉ። ዕድሜዋን ሙሉ ከአንደኛ ክፍል ወጥታ አታውቅም። ከፍ ያለ ክፍል ያዢ ሲሏት፣ «እዚያ ያሉት አንዴ ተበላሽተዋል፤ እኔ ሳይበላሹ ነው የምፈልጋቸው» ትላለች።

ዘንድሮ ድምፅዋ ሄደ። መጀመሪያ ጎረነነ፣ ቀጥሎ ዘይት እንዳልነካው በር ሲጢጥ ይል ጀመር፣ በመጨረሻ ሹክሹክታ ብቻ ቀረ። ሐኪሙ ጉሮሮዋን በመብራት አየና፣ «እንደ ልብስ ነው እናቴ፣ ሳስቷል። ዝም ካላሉ ጭራሽ ይቀደዳል» አላት።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ቢሮው ጠርቶ ወንበር ሰጣትና እንዲህ አላት፦ «እትዬ፣ ሱፐርቫይዘሯ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ለጉብኝት እስክትመጣ ካልተሻለዎት ወደ ንብረት ክፍል አዛውርዎታለሁ። ደሞዝዎ አይነካም። ጠመኔና መጥረጊያ ማደል ነው፤ አፍ አይጠይቅም።»

ያን ዕለት ማታ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ደክሞሻል እኮ፤ እሺ በይው» አልኳት።

«ደክሞኛል፣ ጋሼ» አለች በሹክሹክታ። «ግን መጥረጊያ እየቆጠርኩ ጡረታ ልውጣ? እዚያው ክፍሌ ውስጥ ልድከም።»

በማግስቱ በዝምታ ልታስተምር ገባች። የሆነውን በየማታው በሹክሹክታ ነግራኛለች፤ እሷ የዘለለችውን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሞልቶልኛል።

መጠቆሚያዋን አንስታ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የፊደል ገበታ ላይ «ሀ»ን ነካች። ልጆቹ ይህን ሲጠብቁ ኖረው ተነሡ፤ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ጮኹ። መጠቆሚያው «መ» ላይ ሳለ ድምፃቸው «ሠ»ን አልፏል። መጠቆሚያውን አቆመች፤ እነሱ አልቆሙም። ሲጨርሱ መሃል ላይ ያለችውን «ቱ»ን ብቻዋን ጠቆመች። ጸጥ አሉ። የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ልጅ ዓይኗን ጨፍና ከ«ሀ» ተነሣች፤ «ቱ» ላይ ለመድረስ እየተንደረደረች ትንፋሽ አጠራት።

«ዜማውን ነው የያዙት» አለችኝ ማታ። «ፊደሉን አያዩትም። ድምፄ ይሸፍንልኝ ነበር እንጂ እስከ ዛሬ ያስተማርኳቸው ሁሉ ዘፈን ይዘው ነው የሄዱት።»

«ሁሉም አይደሉም» አልኳት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ያስቆጠረችኝም እሷ ናት። «እኔ እያንዳንዱን ለይቼ አውቃለሁ።»

«አንተ ግትር ነህ። ይሄ ለምን ጎበጠ፣ ያኛው ለምን ተንጋደደ እያልክ ነፍሴን አውጥተኸዋል።»

ይህን ስትል አንድ ነገር እንዳሰበች ገባኝ። ጠዋት የልብስ ስፌት መቀሴ ከመሳቢያው ጠፍቶ ነበር።

ልጆቹ ሲገቡ ገበታውን ከምስማሩ አውርዳ፣ ወፍራሙን ወረቀት አንድ በአንድ እየቆራረጠች ፊደሎቹን በየእጃቸው አደለቻቸው። ከዚያም «ለ»ን ይዛ አንድ ጥግ ቆመችና በእጇ «ኑ» አለች። ጨዋታው ወዲያው ገባቸው። እያንዳንዱ ፊደል ቤተሰቡን እንዲፈልግ ነው።

«የለ ቤት በዚህ ነው! አንተ ማነህ?»

«ሉ ነኝ።»

«ምን ሉ ትሆናለህ! አንድ እግርህ አጭር ነው፤ ላ ነህ።»

«ቲቸር፣ ይቺ ቀለበት አድርጋ ሊ ነኝ ትላለች!»

«ቀለበት ያላት ሌ ናት፣ ደንቆሮ!»

እንዲህ እየተሰዳደቡ ቀናት አለፉ። እህቴ ማታ ማታ ስትመጣ ፊቷ አመድ ይመስል ነበር። ለሰባ ልጅ ያለ ድምፅ መሯሯጥ ጉልበት ይበላል፤ ራት ሳትበላ የተኛችበት ቀን ብዙ ነው።

ከጉብኝቱ ዋዜማ ርዕሰ መምህሩ ጫጫታ ሰምቶ በሩን ከፈተ። ግድግዳው ላይ ምስማር ብቻ አየ።

«ገበታው የታለ?»

በጣቷ ወለሉን አሳየችው።

«እትዬ! ይሄ እኮ የመንግሥት ንብረት ነው! ነገ ለሱፐርቫይዘሯ ምን ላሳያት ነው? እሷ ሳትመጣ ተለጥፎ ካልተሰቀለ፣ በቃ፣ ንብረት ክፍል!»

ፊደሎቹን በፌስታል ይዛ ቤት መጣች። ኮላና ትልቅ ካርቶን ገዝቼ ጠበቅኋት። ግን ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ ጥቂት አየቻቸውና እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጣላት። አልቀሰቀስኳትም።

ጠዋት ሁሉንም ተሸክማ ሄደች። ካርቶኑን ወለል ላይ አነጠፈች፣ ተንበረከከች፣ «ሀ»ን ለጠፈች። «ሁ» ላይ ስትደርስ አቅሟ አለቀ። ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠችና ኮላውን ወደ ልጆቹ ገፋችው። እነሱ ወረሩት።

«አትግፋኝ፣ ጋ ከጎ ይቀድማል!»

«እሱን ለኔ ስጠኝ፣ የኛ ቤት ነው!»

ሱፐርቫይዘሯና ርዕሰ መምህሩ የገቡት በዚህ መሃል ነው። ሱፐርቫይዘሯ ኮስታራ ሴት ናት። ኮላ በኮላ የሆኑትን ልጆች አየች፣ መሬት የተቀመጠችውን መምህርት አየች።

«መምህርቷ አትናገርም?»

ርዕሰ መምህሩ አፉን ሳይከፍት ጥርሶቿ የወለቁት ልጅ ቀደመችው። «ቲቸር ድምፅዋ አልቋል። አሁን ተራው የኛ ነው።»

ሴትዮዋ ወደ ካርቶኑ ጎንበስ አለች። ተለጥፎ ሊያልቅ ነው፤ ከ«ጨ» ረድፍ መጨረሻ ግን አንድ ባዶ ቦታ አለ።

«ይኸው፣ ጎደለ!» አለ ርዕሰ መምህሩ።

ሱፐርቫይዘሯ ጣቷን ባዶው ላይ አሳረፈች። «እዚህ ምን ነበር?»

«ጮ!» አሉ ባንድ አፍ። ማንም ከ«ጨ» አልተነሣም፤ ማንም ዓይኑን አልጨፈነም።

በመዳፏ ሌላ ፊደል ሸፈነች። «እዚህስ?»

«ኔ!»

«እዚህስ?»

«ዙ!»

ቀና ብላ ቦርሳዋን አስተካከለች። ርዕሰ መምህሩን «በሌሎቹ ክፍሎችም እንዲህ ለይተው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችው። «የሌሎቹ በዜማ ነው» አለ። «እንግዲያው መምህርቷን ከዚህ እንዳያነሷት» አለችና ወጣች።

«ምን ተባለ?» አልኳት ማታ ገና ከበሩ ሳትገባ።

«ቆዪ ተባልኩ።»

እልል ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።

«ጮ» የተገኘው በማግስቱ ነው። ጥርሶቿ የወለቁት ልጅ ከዩኒፎርሟ ኪስ አወጣችው፤ እናቷ ሳታውቅ ከልብሱ ጋር አጥባው ነጭቷል።

«ለምን ወሰድሽው?» አለቻት እህቴ በሹክሹክታ።

«የኔ ስለሆነ ነዋ፣ ቲቸር! እናቴ ቤት ውስጥ ጮሌ ነው የምትለኝ።»

ይህን ስትነግረኝ ሳቀች። ሳቋም ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ተነቃነቀ። ከዚያ እግሯን ወደ እኔ ዘረጋች። ጎንበስ ብዬ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታሁላት። ነገም ክፍል አለ።