ከጎኔ የተኙት አዛውንት

የመርሳ ልጅ ነኝ፤ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ባለፈው ዓመት ዕቃ ልገዛ ሕንድ አገር በሄድኩ በሦስተኛው ቀን ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ሆስፒታል ገባሁ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አራት ቀን ሙሉ ራሴን አላውቅም ነበር። በአምስተኛው ቀን ነቃሁ፣ አልሐምዱሊላህ።

ከጎኔ እግራቸው የተሰበረ አንድ ሕንዳዊ አዛውንት ተኝተዋል። በቋንቋ ባንግባባም፣ ሚስታቸው የሚያመጡላቸውን ብርቱካን በየቀኑ ልጠው ግማሹን ለኔ ይሰጡኛል።

ባለቤቴ ዘሀራ ግን ከመርሳ በደወለች ቁጥር ታለቅሳለች። «ድኛለሁ» ብላት አታምነኝም። ስልኩን ላውድ ላይ አድርጌ ደረቴ ላይ አስቀምጬ ነው የምናወራው። እንድትስቅልኝ ብዬ አዛውንቱን ማማት ጀመርኩ።

«ከጎኔ ያለው ሽማግሌ ሲያንኮራፋ ከውርጌሳ ዳገቱን የሚወጣ አይሱዙ ነው የሚመስለው። አፍንጫውንማ ብታዪው...» እላታለሁ፣ የሰጡኝን ብርቱካን እያኘክሁ። እሳቸው ፈገግ ይሉልኛል። እኔም ፈገግ እልላቸዋለሁ። እንዲህ እያልን ሦስት ቀን ሰነበትን።

በአራተኛው ቀን ዘሀራ ጭራሽ ባሰባት። «እያሳቅኸኝ በሽታህን ልትደብቀኝ ነው። እውነቱን የሚነግረኝ ሌላ ሰው አገናኘኝ» ብላ አለቀሰች። በዚያ አገር አማርኛ የሚችል ከየት አመጣለሁ ብዬ ስጨነቅ፣ አዛውንቱ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ከደረቴ ላይ አነሡና ጥርት ባለ አማርኛ እንዲህ አሏት፦

«ልጄ፣ እኔ ድሮ ወልድያ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። አታልቅሺ፣ ባልሽ ድኗል። ሰው ማማት ጀምሯል።»