ከውጭ የተቆለፈው በር

አባቴ የአየር ኃይል ኮሎኔል ነበር። በሶማሊያው ጦርነት አውሮፕላኑ ከጠላት መስመር ወዲያ ተመትቶ ወደቀና ዐሥራ አንድ ዓመት ታስሮ ተመለሰ። ስለ እስሩ አያወራም፤ በሌላው ነገር ሁሉ ግን እኛን ማዘዝ ይወዳል። ጅጅጋ ባለው ቤታችን አንድም በር ተቆልፎ አያውቅም፣ የሽንት ቤቱ እንኳ። በእንግዳ ፊት ስንት ጊዜ እንዳፈርኩ እኔ አውቃለሁ።

በ2010 ክረምት ከተማው ሲታወክ፣ የሶማሌ ያልሆነውን ቤት እየለዩ መዝረፍና ማቃጠል ተጀመረ። ጎረቤታችን፣ ጨርቅ የምትነግድ ሶማሌ ሴት፣ እኔንና አባቴን በጓሮ በኩል ወስዳ ዕቃ ቤቷ ውስጥ ደበቀችን።

«ከውጭ እቆልፈዋለሁ» አለችኝ። «ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት ቤት ውስጥ ሰው አለ የሚል የለም።»

ብልህ ሐሳብ ነበር። አባቴን ግን ሁለታችንም አላሰብነውም።

ጓጉንቸሩ ቀጭ ሲል ፊቱ ተለወጠ። የጨርቅ ጥቅል ላይ አስቀመጥኩት፤ ተነሣ። ውሃ ሰጠሁት፤ አልጠጣም። «ክፈቺልኝ» ይለኛል፣ ቁልፉ በእጄ ያለ ይመስል። ከውጭ ጩኸትና የተቃጠለ ጎማ ሽታ ይመጣል። ድምፁን ከፍ ቢያደርግ አለቀልን። እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩበት፤ አፉን ልይዘው ምንም አልቀረኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሴትየዋ ሻይና ዳቦ ይዛ በሩን ስትከፍት፣ አባቴ ብድግ ብሎ ቆመ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ በሶማሊኛ «አለሁ» አለ። ለካ የእስር ቤቱ ዘበኞች ጠዋት ጠዋት ሲቆጥሯቸው እንደዚያ ነበር የሚመልሱት። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሰው ነው።

ሴትየዋ ትሪውን አስቀምጣ አለቀሰች። «አዴር፣ ይቅር ይበሉኝ» አለችው፤ አጎቴ ማለቷ ነው። ጓጉንቸሩን አውልቃ በሩን ገርበብ አደረገችና በርጩማ አምጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

እስከ ቀትር አልተነሣችም። ወጣቶች መጥተው ውስጥ ምን እንዳለ ሲጠይቋት «ሸቀጤ ነው» ብላ ተቆጣቻቸው። አንደኛው ተመልሶ እንደሚመጣ ነግሯት ሄደ። አባቴ ይህን ሁሉ ቆሞ ሰማ። ከዚያ ወደ በሩ ተጠጋ።

«ልጄ፣ ቆልፊውና ቤትሽ ግቢ» አላት።

«አይችሉትም፣ አዴር።»

«ቆልፊ አልኩሽ። አሁን ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

ቆለፈችው። አባቴ ከጎኔ ተቀምጦ እጄን ያዘኝ። እስኪመሽ አልለቀቀኝም። አንድ ጊዜ እንኳ ክፈቺልኝ አላለም።