ሁለተኛው «በሞቴ»

ባለፈው ዓርብ የእህቴ ልጅ ሜሮን ኢምፔሪያል አካባቢ ምሳ ጋበዘችኝ። ተጋቢኖው እየተንተከተከ መጣ፤ ከጎኑ ቃሪያ አለ። ለሁለት ሰው ምን አላት፣ ወዲያው አለቀች። ሜሮን «አክስቴ፣ ይደገም?» ስትለኝ እንደ ደንቡ «ኧረ በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» አልኳት። ልጅቷ አመነችኝ! አስተናጋጇን ጠርታ ገበታውን አስነሳች። እኔ ያደግሁበት ቤት እንግዳ «በቃኝ» ሲል «በሞቴ» ይባላል፤ አሁንም ሲግደረደር «አፈር ስሆን» ይባላል፤ እጁን የሚሰድደው ከዚያ በኋላ ነው። የሜሮን ትውልድ ይሄን ሁሉ ጣጣ አያውቅም። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ጋሽ ተፈራ ትዝ አሉኝና ሳቁም ጠፋ።

እሳቸውን ያወቅኋቸው ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ነው፤ ኦሎምፒያ አጠገብ በነበረ የውሃ ምርመራ ቢሮ ተቀጠርኩ። ከስምጥ ሸለቆ ወረዳዎች የጉድጓድ ውሃ በጠርሙስ እየተሞላ ይመጣልናል፤ እኛ ፍሎራይድ በዝቶበት እንደሆነ እንመረምራለን። ያን ዓይነት ውሃ እየጠጡ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል፤ ሲብስም አጥንታቸው ይጎብጣል። ለዚሁ ሥራ አንድ የውጭ ፕሮጀክት አዲስ ማሽን ሰጠን፤ ከማሽኑም ጋር አንድ ዝምተኛ ፈረንጅ መጣ። እኔ ከዚያ ሰውዬ ጎን አልጠፋም ነበር። ቀስ በቀስ ማሽኑ ሊያምጽ ሲል ገና በድምፁ እለየው ጀመር። ፈረንጁም ደስ እያለው የሚፈታውንና የሚገጥመውን ያሳየኛል። ፕሮጀክቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ግን ከእኛ አንድ ሰው ወደ ፈረንጁ አገር ሄዶ ጥገናውን ከሥር መሠረቱ እንዲማርና መጥቶ ለሌሎቻችን እንዲያስተምር ተወሰነ። ዕድሉ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ።

ችግሩ፣ የእኛ ቢሮ ስልጠናን የሚያድለው እንደ ዕቁብ ነው። ትምህርቱ ምንም ይሁን ምን፣ ተራው የደረሰ ይሄዳል። ክፋት የለበትም፤ ማንም እንዳይቀየም ተብሎ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ተራው የጋሽ ተፈራ ሆነ። ጋሽ ተፈራ የላቦራቶሪያችን አንጋፋ ናቸው፤ ጡረታቸው ደርሷል። ቤታቸው ገርጂ ነው፤ አውሮፕላን በጣሪያቸው ላይ ሲያልፍ እየሰሙ ዕድሜ ልካቸውን ኖረዋል፣ ተሳፍረው ግን አያውቁም። ታዲያ ማን ደፍሮ ይቀማቸዋል?

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን «ነይ ምሳ ልጋብዝሽ» ብለው ወሎ ሰፈር ይዘውኝ ሄዱ። ከጋራዦቹ የሚወርደው ጭቃ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፤ ከደጅ የበቆሎ ጥብስ ሽታ ይገባል። ጥብስ አዘዙና ትልቅ ጉርሻ አጎረሱኝ። ገና ሳልውጠው ነው የተናገሩት።

«ስንዱ፣ ይሄን ስልጠና አንቺ ሂጂበት። ለአለቃው እኔ እነግረዋለሁ።»

ውስጤ እሺ ብሏል። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ኧረ ጋሽ ተፈራ፣ ምን ሲደረግ! ተራው እኮ የእርስዎ ነው።»

ይህን ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «በሞቴ» እስኪሉኝ ነው የምጠብቀው። እንጀራውን በጣቴ እቆነጥራለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። እሳቸው ትክ ብለው አዩኝና «እንግዲህ እንዳልሽ» ብለው ስለ ክረምቱ ማውራት ጀመሩ። ወይ ነዶ! በሆዴ «ድሮም ለአፋቸው ነው» አልኩና ተቀየምኳቸው።

ሄዱ። ቦሌ ኤርፖርት ድረስ ተከትለን ሸኘናቸው፤ አዲስ ኮት ለብሰው እንደ ሙሽራ ሲያፍሩ ሳይ፣ ቅያሜዬን ረስቼ ደስ አለኝ። ሲመለሱ የያዙትን ያህል አስተማሩን። ግን ዓይናቸው ደክሟል፣ ትምህርቱም በማያውቁት ፍጥነት ነው የተሰጣቸው፤ ብዙውን ራሳቸውም አልያዙትም። ብዙም ሳይቆዩ ጡረታ ወጡ። ማሽኑም ከዚያ ወዲህ ብዙ አልከረመም። አንድ ጠዋት አልነሳም አለ፤ ሁላችንም ዙሪያውን ቆመን ተያየን። ድምፁ እስከሚነግረኝ ድረስ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን እጄን የት እንደማስገባ አላውቅም። ጽዳት ሠራተኛዋ አቧራ እንዳይነካው ብላ ዳንቴል አለበሰችው። ውሃው ግን መምጣቱን አላቆመም። አንዱ ጠርሙስ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ስም ተለጥፎበት ነበር፤ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ። ልጆቹ መልሳችንን እየጠበቁ ያንኑ ውሃ ይጠጣሉ። ይሄ ዛሬም ያንገበግበኛል።

እኔም ተስፋ ቆርጬ ወደ ጽሕፈት ሥራ ተዛወርኩ፤ ስለ አቅም ግንባታ ስንቱን ሪፖርት ጻፍኩ መሰላችሁ።

ከዓመታት በኋላ ጋሽ ተፈራ ታመዋል ሲባል ብርቱካን ይዤ ገርጂ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከሰላምታው ቀጥሎ የጠየቁኝ ስለ ማሽኑ ነው። መዋሸት አልሆነልኝም፤ ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ያን ቀን ከልቤ ነበር እኮ። እናትሽ ታመዋል ሲሉ ሰምቼ፣ እምቢ ስትይኝ ለእሳቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ደግሜ ባስጨንቅሽ ነውር ነው ብዬ ተውኩት።»

እናቴ ታማ ነበር፣ እውነት ነው። ግን «ዕድሉ ከመጣ ሂጂ፣ እኔን እህትሽ ታስታምመኛለች» ያለችኝ እሷው ናት።

«እኔ ደግሞ ሁለተኛ እስኪሉኝ እየጠበቅሁ ነበር፣ ጋሽ ተፈራ» አልኳቸው።

እጄን ያዙኝ። ሁለታችንም አለቀስን። ብርቱካኑን የላጠልን ሰው አልነበረም።

ጨዋ ሰው ነው ያሳደገኝ፣ አላማርርም። መግደርደር ለገበታ ያምራል። ግን እኛ ለሥራውም፣ ለትምህርቱም፣ ለዕድሉም እንግዳ ሆነን ቀረን፤ አንዳችን ለአንዳችን ስናዝን ገበታው ተነሳ። እሳቸውን ቀብሬያለሁ፤ «እሺ» የምለው ሰው እንኳ የለኝም።

ሜሮን «አክስቴ፣ ምን ሆንሽ?» ስትለኝ ነቃሁ። «እውነቱን ልንገርሽ? አልጠገብኩም፤ ርቦኛል» አልኳት። ከት ብላ ሳቀችና አስተናጋጇን ጠራችልኝ። አስተናጋጇ መጥታ እጇን አጣመረች።

«ማዘር፣ ይቅርታ። አንድ ተጋቢኖ ቀርቶ ነበር፤ ጠግበዋል ስባል አሁን ለዚያኛው ጠረጴዛ ሰጠሁት።»