ባዶው የካሜራ ማኅደር

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ የልጅ ልጅ ታደለ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ይዞ ቤቴ መጣ። ታደለ ደብረ ታቦር የታሪክ መምህር ነው። ፎቶውን ያገኘው ከሟች ሴት አያቱ ሣጥን ውስጥ፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ነው። ተማሪ ቤቱ የአርበኞችን ፎቶ ሰብስቦ ለሕዝብ ሊያሳይ ስላሰበ፣ ከሥሩ የሚጻፈውን እንዳርምለት ፈልጎ ነበር።

ዘጠኝ ሰዎች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። መካከል ላይ ያሉት አጎቴ ባላምባራስ አየነው ናቸው። ታደለ ጣቱን ከወገባቸው ላይ አሳረፈና፣

«ጋሼ፣ ይኼ የጥይት መያዣ ነው አይደል? እንደዚያ ብዬ ጽፌዋለሁ» አለኝ።

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። አራት ማዕዘን የቆዳ ዕቃ ነው፤ ማንገቻው ከትከሻቸው ይወርዳል፣ ክዳኑ ወደ ታች ተንጠልጥሏል።

«አይደለም፤ የካሜራ ማኅደር ነው። ክዳኑ ለምን የተከፈተ ይመስልሃል?»

«እንጃ።»

«ካሜራው በእኔ እጅ ስለ ነበረ ነዋ።»

ልጁ ደነገጠ። ከዳር የቆመውን ወጣት አሳየኝና፣ «ይኼስ? አጭር ጠመንጃ ነው ብዬ ነበር» አለ።

«እሱ ዘለቀ ነው። የያዘውም ጠመንጃ አይደለም። የካሜራው ማቆሚያ ነው፤ ሦስት እግሮቹ ታጥፈው ነው እንዲያ የሚመስለው።»

ጣሊያን ደብረ ታቦር ሲገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቅኔ ቤታችን ሲበተን መጠጊያ ያገኘሁት ከገበያው በላይ ፎቶ ቤት ከነበራቸው አርመናዊ፣ ከሙሴ አርቲን ዘንድ ነው። የጣሊያን ሶላቶዎች የከተማው ሰው ሁሉ ባለ ፎቶ የይለፍ ወረቀት እንዲይዝ አዘው ስለ ነበር ሥራ በዝቶባቸዋል። እሳቸው ያነሣሉ፣ ያጥባሉ፤ እኔ ከፎቶው ጀርባ የባለቤቱን ስም እጽፋለሁ። ጽሕፈቴን ወደውት «አንተ ደብተራ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ገበሬው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ማንም ሳያዘው ትንፋሹን ይይዛል። ሰው ፎቶ ሲነሣ ለምን መተንፈስ እንደሚያቆም እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በጥቅምት ስማቸውን ከጻፍሁላቸው ሰዎች አንዱ ለአርበኞች ስንቅ ያቀብላል ተብሎ፣ በፎቶው ተለይቶ ተያዘ። ገበያ መካከል ሰቀሉት። በእኔ እጅ የተጻፈው ወረቀት ደረቱ ላይ ተሰክቶ ነበር። በማግሥቱ ለሙሴ አርቲን እንኳ ሳልነግር አጎቴ ሸፍተው ወደ ነበሩበት ወደ ጉና ተራራ ወጣሁ።

የጉና ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጧት በሶ፣ ማታ ቆሎ፤ የገብስ እሸት ሲደርስ ግን በጭድ እሳት ለብልበን በመዳፋችን እያሸን እንበላ ነበር። ከዚያ የሚጣፍጥ ምግብ ኋላም አላጋጠመኝም። ለነገሩ ርሃብ ነው የሚያጣፍጠው።

በኅዳር፣ አጨዳው እንደ ተጀመረ፣ ከወረታ በሚመጣው መንገድ ዓለም በር አጠገብ ከአንዲት መኪና ጋር ተኩስ ገጠምን። ውስጧ የነበረው የጣሊያን ሻምበል ሞተ። ከተማረከው ዕቃ መካከል ይህ ማኅደር ከአንድ የካሜራ ማቆሚያ ጋር ተገኘ። ከመካከላችን አንዱ ማኅደሩን «ቦምብ ይሆናል» ብሎ ከሩቅ ድንጋይ ላይ አኖረው። እኔ ሄጄ ከፈትሁትና ውስጡ የነበረውን ካሜራ ቁልፉን ስጫነው፣ ፊቱ እንደ ወናፍ ተስፈንጥሮ ወጣ። ያ ሁሉ ጀግና ወደ ኋላ ሸሸ።

«ኑ፣ አይነክስም!» ብዬ ሳቅሁ።

ከጀርባው ባለችው ቀይ መስኮት ስመለከት ቁጥሩ ስድስት ላይ ደርሷል። ስምንት ጊዜ የሚያነሣ ፊልም ነው። አምስቱን ሻምበሉ አንሥቶባቸዋል፤ ሦስት ቀርቷል።

«እንግዲያስ አንሣን» አሉ አጎቴ።

«ባላምባራስ፣ ይኼ ነገር ሰው ያሰቅላል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እኔስ ብሞት ልጆቼ መልኬን በምን ያውቁታል?»

ከዚህ በኋላ ምን እላለሁ? ካሜራውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አደላድዬ አስቀመጥሁ። አጎቴ ምርኮዬ ነው ብለው ባዶውን ማኅደር አነገቱ። ዘለቀ ጠመንጃ አልነበረውም፤ በጦር ነበር የሚዋጋው። ማቆሚያውን አልሰጥም ብሎ አጣጥፎ ደረቱ ላይ አጋደመው። ሁሉም ሳቁበት።

«ዝም በሉ! አትነቃነቁ!» ብዬ ጮኽሁ። ሦስቱንም አነሣኋቸው።

ፊልሙን ሊያጥብ የሚችል ከሙሴ አርቲን በቀር ማንም አልነበረም። በሰም በነከርሁት ጨርቅ ጠቀለልሁትና ከሥሩ በቦረቦርሁት ድፎ ዳቦ ውስጥ ደበቅሁት። በገበያ ቀን ከገበሬዎች ጋር ተቀላቅዬ ወረድሁ። ኬላው ላይ ለጣሊያን ያደረ አንድ አስካሪ ዳቦውን ተቀበለኝ። አየው፣ አሸተተው፣ ከዳር ቆረሰና እያላመጠ መለሰልኝ። «ጥሩ ዳቦ ነው» አለ። ዳቦዬን ታቅፌ አለፍሁ።

ሙሴ አርቲን ሲያዩኝ በሩን ዘጉት። ዳቦውን ሰብሬ ፊልሙን ስሰጣቸው ይዘውት ፎቶ ወደሚያጥቡበት ጨለማ ክፍል ገቡ። ውኃ ሲንጠባጠብ እየሰማሁ ቆየሁ። እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ ወጡ።

«ብርሃን ገብቶበታል። ምንም የለውም» አሉኝ።

«አልከፈትሁትም እኮ! እንዴት ይሆናል?»

«የለም አልሁህ። ሂድ። ከተማው ውስጥም አትቆይ።»

አላዩኝም፤ ፎጣውን ነበር የሚያዩት።

ስወጣ ኬላው ላይ ሌሎች ቆመው ነበር። ልብሴን አስወለቁኝ፤ ደበሎዬን ገለበጡት፤ የራሴን ጥምጥም ሳይቀር ፈትተው አራገፉት። ምንም አላገኙም። እኔ ግን ያን ጊዜ ያበሳጨኝ ፍተሻው ሳይሆን ባዶ እጄን መመለሴ ነበር።

ጉና ደርሼ ስነግራቸው አጎቴ ጠመንጃቸውን መወልወል አቆሙ።

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም።»

«ምን ታረገዋለህ። ያልታደለ መልክ ነው» አሉና ጠመንጃቸውን መወልወል ቀጠሉ።

ሌሎቹ ግን አልማሩኝም። ዘለቀ ባየኝ ቁጥር ትንፋሹን ይዞ ፊቴ ይገተርና ያስቃቸው ነበር። በሚያዝያ በተደረገ ተኩስ እሱና አጎቴ በአንድ ቀን ሞቱ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ደብረ ታቦር ስገባ መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ፎቶ ቤቱ ነው፤ ፊልማችንን አበላሹት ብዬ ለጠብ። ሙሴ አርቲን አርጅተዋል። «ቁጭ በል» ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል አወረዱና ከጀርባው አንድ ፎቶ መዝዘው ሰጡኝ። ዘጠኙም አሉ። አጎቴም፣ ዘለቀም።

«የፊተኞቹ አምስቱ የማን እንደ ነበሩ ታውቃለህ?» አሉኝ። «የሻምበሉ። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያውቃል፤ መልኩን አውቀዋለሁ። ያን ፊልም አንተ ላይ ቢያገኙት ማን ገደለው ብለው ሌላ ምስክር አይሹም ነበር። የቀረውን አቃጠልሁት፤ ይቺን ብቻ አስቀረሁ።»

«ታዲያ ምነው እውነቱን ቢነግሩኝ?»

«ብነግርህ ሳትይዘው ትሄድ ነበር?»

አልሄድም ነበር። ያን አውቀዋለሁ።

«ባላምባራስስ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሞተዋል። ፎቶው ተበላሽቷል ያልኋቸውን እንዳመኑ ሞቱ።»

ሙሴ አርቲን እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ተቀመጡ። ለጠብ የመጣሁት ሰውዬ ሻይ አፍልቼ አጠጣኋቸው። ፎቶውንም ለአጎቴ ባለቤት ወስጄ ሰጠሁ። ታደለ እስኪያመጣልኝ ድረስ ዳግመኛ አላየሁትም።

ይህን ሁሉ ከነገርሁት በኋላ ታደለ ከዘጠኙ መካከል ዘመድ ያላቸውን እንፈልግ አለ። ብዙዎቹ ዘር አልተኩም። ወይዘሮ እናት የምትባለው የዘለቀ ልጅ ግን ሐሙሲት እንደምትኖር ሰምቼ ነበር። አባቷ ሲሞት በእናቷ ሆድ ውስጥ ነበረች። ትናንት በአውቶቡስ ሄድን። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ቢጫ ሆኗል።

ወይዘሮ እናት ጠጉሯ ሸብቷል። ፎቶውን ስንሰጣት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችና ብርሃን ወዳለበት ወደ ደጃፉ ወጣች። ጢሙን ያጎፈረ ወንድ ልጇ ከኋላዋ ቆሞ አብሮ ያያል።

«የትኛው ነው?» አለችኝ።

አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ቀና ብላ ልጇን አየች፤ ተመልሳ ፎቶውን አየች።

«ልጅ ነው እኮ!» አለች። «ውይ! አባቴ ልጅ ነው እኮ!»

ጠጋ ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው። ዘለቀ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጢም እንኳ በወጉ አላበቀለም። አጎቴም፣ በዚያን ጊዜ ሽማግሌ የመሰሉኝ ሰው፣ ከታደለ ብዙም አይበልጡም። እኔ ዓመት በዓመት እያሰብኋቸው፣ ሳላውቀው አብረውኝ እንዲያረጁ አድርጌአቸው ኖሬ ነበር። እነሱ ግን አንድ ቀን እንኳ አላረጁም።