የተበሳው ጠገራ ብር

ጠገራ ብር በያዝኩ ቁጥር እጄ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ልንገራችሁ። የጣሊያን ጦር ሲወጣ ጎንደር ፒያሳ ላይ ማኪና እየጠገነ የቀረ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ነበር። ሳጥኑ ሙሉ ሊሬ ነው፤ ሊሬው ግን ዋጋ ካጣ ሰንብቷል። አንድ ቀን ዶሮ ብሸጥለት ያንን ወረቀት ዘረጋልኝ።

«ምነው አያ! በዚህ ጨው እንኳ አይገዛበትም» ብዬ ዶሮዬን ይዤ ሄድኩ።

በማግስቱ ገበያ ድረስ መጥቶ፣ ተበስቶ በጥቁር ክር የተንጠለጠለ ጠገራ ብር እጄ ላይ አኖረ። ክሩ እርጥብ አፈር ይሸታል።

«ከየት አመጡት?»

«ዛሬ ጠዋት አንዲት አሮጊት ቤቴ መጣች። ‹ልጄ ወረቀትህን አትቀበልህም፤ ይህን ስጣት፤ ጦምህን አትደር› አለችኝ።»

ክሩ ማተብ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ጥቅምት እናቴን ስንቀብራት፣ ከነብሩ አንገቷ ላይ አጥብቄ የቋጠርኩት እኔው ነኝ።